ዝናብ አዋቂዋ በአሊ ሳቢህ

ሁለቱ መስመሮች የተገናኙት በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። ድሬዳዋ ባለው የሁለትዮሽ የዝናብ ንጽጽር ጽሕፈት ቤት ትልቁ ግድግዳ ላይ አንደኛው መስመር ከላይ ወደ ታች፣ ሁለተኛው ከታች ወደ ላይ ለስልሳ ዓመት ሲሳቡ ኖረዋል። ወራጁ የኢትዮጵያ ዓመታዊ ዝናብ ነው፤ ወጪው የጅቡቲ። የዚያን ዕለት አንድ ነጥብ ላይ ተነካኩና ተላለፉ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሲያልቅ ለምን እንዳጨበጨቡ የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም ወደየጠረጴዛው ተመለሰ።

የጽሕፈት ቤቱ መተዳደሪያ ግን ለዚህ ቀን የተቀመጠ አንቀጽ ነበረው። ዝናብ የሄደበት አገር ከዝናብ ጋር መኖር የሚያውቅ ሰው ይልካል፤ ዝናብ የመጣበት አገር ደግሞ ያለ ዝናብ መኖር የሚያውቅ ሰው ይልካል። ሁለቱ ሰዎች ለአንድ ዓመት ቤት ተለዋውጠው ይቀመጣሉ፤ ያስተምራሉ፤ በየሳምንቱም እየተደዋወሉ አንድ የንጽጽር ቅጽ ይሞላሉ። ይህን ለማስፈጸም ደብዳቤ ሲጻጻፉ ስምንት ዓመት ሄደ።

ከኢትዮጵያ በኩል ሰው የተፈለገው ከጎሬ ነው፤ ድሮ ሰማይ ተቀዶባት ትውል የነበረችው ከተማ። አርባ አረጋውያን ተጠየቁ። ሠላሳ ዘጠኙ ስለ ዝናብ ሲነሣ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። አንዱ የቆርቆሮውን ድምፅ በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ እየመቱ አሰሙ። አንዷ የረጠበ አፈር ሽታ ትዝ ብሏቸው ንግግራቸውን መጨረስ አቃታቸው። አርባኛዋ እማማ ሲምቦ ነበሩ፤ የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣ ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ።

«ዝናብ? ሌባ ነው» አሉ። «የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ደብተሬን ከነቦርሳው ወሰደብኝ። ስዳር ድንኳኑን ጣለብኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ደረቅ ካልሲ አላጠለቅሁም። ባለቤቴ ሲቀበር እንኳ ቄሱን አንሸራቶ ጉድጓድ አፋፍ ላይ አስቀምጧቸዋል። በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚወድ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። የማላውቀው ለምን ተመልሶ እንዲመጣ እንደምትፈልጉ ነው።»

ጠያቂዎቹ ተያዩ። ወዳጁን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ጠላቱን እንዲህ ያጠና ግን ሌላ አላገኙም። እማማ ሲምቦ ተመረጡ።

በመስከረም ባቡሩ ጅቡቲ ውስጥ ባለችው አሊ ሳቢህ አወረዳቸው። የተሰጣቸው ቤት የሐጂ ሮብሌ ነው። ሐጂ ሮብሌ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ከጅቡቲ በኩል ድርቅ አዋቂ ሆነው ተመርጠው በዚያው ሳምንት ወደ ጎሬ ሄደዋል። ሮብሌ በሶማልኛ በዝናብ ቀን የተወለደ ማለት ነው። ሰውየው በተወለዱበት ዓመት ከተማዋ ያገኘችው ዝናብ የዚያችው ዕለቷ ብቻ ስለነበረች ስሙን የሚሻማ ልጅ አልነበረም። ከጎናቸው የምትኖረው ልጃቸው ፎዚያ ለእማማ ሲምቦ ቁልፍ ሰጠቻቸው። ወዲያውም «ኤዶ» ብላ ጠራቻቸው፤ የአባቴ እህት ማለቷ ነው። የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የምትሠራ።

ለመግባባት ጽሕፈት ቤቱ የጆሮ አስተርጓሚ ሰጥቷቸው ነበር። አስተርጓሚው ሥራውን በትክክል ይሠራል፤ ችግሩ ድምፁ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ባለ ሱቁም፣ ሕፃኑም፣ ፎዚያም ሲያናግሯቸው በዜና አንባቢ ድምፅ ነው። እሳቸው የሚናገሩትም አንገታቸው ላይ ከተንጠለጠለችው ትንሽ ማሰሚያ በዚያው ድምፅ በሶማልኛ ይወጣል። እማማ ሲምቦ «እስቲ አንድ ኪሎ ሽንኩርት» ሲሉ ገበያው ሁሉ መግለጫ የሚሰጥ መስሎት ዝም ይላል። በመጀመሪያው ወር አንድ ቀን ፀሐይና ዝናብ አብረው መጡ። እሳቸውም እንደ አገራቸው ወግ «ጅብ ወለደች» አሉ። ማሰሚያው ይህንኑ አስታወቀ። ስድስት ወንዶች ዱላ ይዘው ወጡ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጅቧን ከነግልገሏ ፈለጉ።

የማስተማሩ ነገር ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። በአሊ ሳቢህ ዝናብ የጣለ ቀን ሥራ ዝግ ነው። ሕጉ የወጣው ዝናብ በዓመት አራት ቀን በሚጥልበት ዘመን ነው፤ ያኔ ማንም አልተጎዳበትም። አሁን በዓመት ሰባ አንድ ቀን ይጥላል። ሕጉን ለመሻር ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተጠርቶ ሁለቱንም ጊዜ ስለዘነበ ስብሰባው ተበተነ። እማማ ሲምቦ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሠላሳ ሰው ሰብስበው ስለ አሸንዳ፣ ስለ ቦይ፣ ስለ ጭቃ አረማመድ ያስረዳሉ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሠላሳውም ይነሣሉ። ዶፉ ሲወርድ ሠላሳውም ደጅ ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እየተቃቀፉ። የትምህርቱ ርእስ ራሱ በመጣ ቁጥር አዳራሹ ውስጥ የሚቀሩት እማማ ሲምቦና ጠመኔያቸው ብቻ ናቸው።

«በመስኮት ግቡ እንዳልል በር ክፍት ነው» ይላሉ ለብቻቸው። ማሰሚያው ይህንንም ለባዶ ወንበሮች ያነብባል።

ይህን ሁሉ የሚከታተለው ሙሴ ኢድሪስ ይባላል፤ የንጽጽሩ መኮንን። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሸሚዙ በዚህ ሙቀት እስከ አንገቱ የተቆለፈ። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነጭ መኪናውን እየነዳ ወደ ደረቁ ወንዝ ይወርድና እዚያ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ ያነብባል። ደረቁን ወንዝ እነሱ ቶግ ይሉታል። ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ለጥ ያለ አሸዋ ነው። በአሊ ሳቢህ ከተማ እንዲህ ያለ ሜዳ ሌላ ስለሌለ ኳስ የሚጫወተውም፣ ገበያ የሚቆመውም፣ ሰርግ የሚደገሰውም እዚያው ነው።

ሐጂ ሮብሌ ደግሞ በየሳምንቱ ሐሙስ ከጎሬ ይደውላሉ፤ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚው በኩል ነው። ሁለቱ አረጋውያን ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ቅጹ ግን «ልዩነት» የሚል ሰፊ ዓምድ አለው፤ ያንን ለመሙላት መነጋገር ግድ ነው።

«ወይዘሮ ሲምቦ፣ ሰዎችዎ ድርቅ ድርቅ ይላሉ። ትናንት ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘነበ። ይህ ድርቅ ከሆነ እኔ ዓሣ ነኝ።»

«ድሮ እኮ ሁለት ወር ነበር ሐጂ።»

«ቧንቧ ከፍተው ወሬ ያወራሉ። ልቤ ሊቆም ነው! ጃንጥላ ሳይዙ ደግሞ ከቤት አይወጡም። በጠራራ ፀሐይ! ለምን ብዬ ብጠይቅ 'ለምናልባት' አሉኝ። ምን ማለት ነው ለምናልባት?»

«የጎሬ ሃይማኖት ነው» አሉ እማማ ሲምቦ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ መኸሩም በጋውም ሄደ። ሚያዝያ ላይ ፎዚያ የምሥራች ይዛ መጣች። ልጇ ኢፍራህ፣ የሐጂ ሮብሌ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ፣ በግንቦት ልትዳር ነው። አራት መቶ ሰው ተጠርቷል። ሐጂም ከጎሬ በባቡር ይመጣሉ።

«የት ነው ድንኳኑ?» አሉ እማማ ሲምቦ።

«ቶጉ ላይ ነዋ ኤዶ። አባቴ የተዳረው እዚያ ነው። የአባቴም አባት።»

እማማ ሲምቦ በማግስቱ ዱላቸውን ይዘው ወደ ቶጉ ወረዱ። አሸዋው ይሞቃል፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ከዳር አንድ ግራር አለ። እማማ ሲምቦ ግራሩ ሥር ቆመው አንጋጠጡ። ከሰው ቁመት በላይ፣ ቅርንጫፎቹ መካከል፣ የደረቀ ሣርና ፌስታል ተጠምጥሞ ተሰቅሏል። በዱላቸው ጫፍ ቢነኩት ደቃቅ ጭቃ ረገፈ። ሙሴ መለኪያውን አንብቦ ሲመለስ ጠሩት።

«ሙሴ፣ ይህ ፌስታል እዚያ ላይ ምን ይሠራል?»

«ነፋስ ነው እማማ።»

«ነፋስ ፌስታል ይሰቅላል፤ በጭቃ አይለስነውም። ባለፈው ዓመት እዚህ የደረሰው ውኃ ነው። ማን ነበር እዚህ?»

ሙሴ ቅጹን ገለጠ። «ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ ረቡዕ፣ ሥራ ዝግ። ማንም አልነበረም። ከተማው በሙሉ ጣሪያ ላይ ነበር።»

«ታዲያ የሰርጉ ቀንስ ቢመጣ?»

«ትንበያው በእጄ ነው። በግንቦት በዚያ ሳምንት እዚህ ዜሮ ነጥብ ዜሮ።»

«እዚህ መዝነብ የለበትም እኮ! ወንዝ እግር አለው፤ ከሌላ ሰው ቤት ተነሥቶ ነው የሚመጣው። እነዚያ ተራሮች ላይ ከጣለ አንተ ፀሐይ እየሞቅህ ይወስድሃል። ደራሽ የሚባለው ለዚህ ነው።»

«ተራራው ላይ ያለው ዝናብ በእኔ ቅጽ አይሞላም» አለ ሙሴ፤ ከልቡ እያዘነ። «ሌላ ቅጽ ነው።»

ያ ሐሙስ ሐጂ ሮብሌ ሲደውሉ እማማ ሲምቦ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሷቸውም።

«ሐጂ፣ ሰርጉን ከቶጉ ያንሡ።»

«ወይዘሮ ሲምቦ፣ ያ ቶግ ከተወለድሁ ጀምሮ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።»

«እስከ ዛሬ ባዶ ቤት ነበር። አሁን ባለቤቱ ተመልሷል።»

«የሰባ አራት ዓመት ሰው ነኝ፤ አሸዋዬን አውቃለሁ። ደግሞስ እኔን እዚህ ማን ሰማኝ? ቢርካ የምንለውን የውኃ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ የጣሪያውን ውኃ አጠራቅሙ ብል ይስቁብኛል። የእድሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ኬኔሳ ምን አሉኝ መሰለዎት? 'ሐጂ፣ በጎሬ ውኃ አይጠራቀምም፤ ይመጣል።' ስለዚህ ለምሳሌ ያህል አንድ ቆፍሬ አሳየኋቸው፤ ያም ሆኖ—»

«የት ነው የቆፈሩት?»

ሐጂ ሮብሌ ስለ አካፋው ማውራት ጀመሩ።

«ሐጂ። የት ነው የቆፈሩት?»

«ጓሮ ነው» አሉ ሐጂ ሮብሌ ቀስ ብለው። «የእርስዎ ጓሮ።»

«ጎመኔስ?»

«ጥሩ ጎመን ነበር።»

እማማ ሲምቦ ስልኩን ዘጉ። የዚያ ሳምንት የልዩነት ዓምድ ባዶውን ወደ ድሬዳዋ ሄደ።

ሁለት ሳምንት ቀረ፤ አንድ ሳምንት ቀረ። እማማ ሲምቦ ለማዘጋጃ ቤቱ ነገሩ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሙሴን ጠየቀ፤ ሙሴ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አለ። ለሙሽራው አባት ነገሩ፤ አክብረው ሰሙ፤ ሻይ ጋበዙ። ዕቃ የሚጭኑ መኪኖች አራት መቶ ወንበር ወደ ቶጉ ማውረድ ጀመሩ። ከወንበሮቹ መካከል የልጆች መቀመጫ ብለው ለብቻ የቀለሟቸው ስልሳ አጫጭር ወንበሮች ነበሩ። እማማ ሲምቦ እነዚያን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሰው ካልሰማኝ የራሱ ጉዳይ ብለው ሊተዉት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መተው አልቻሉም።

ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው የፎዚያ ግቢ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። አክስቶች፣ የአክስት ልጆች፣ ጎረቤቶች፣ ሥጋ የምትዘለዝለው ትዘለዝላለች፣ ጨርቅ የምትተኩሰው ትተኩሳለች። እማማ ሲምቦ መካከል ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። በድንገት ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ለመሆኑ» አሉ፣ «በእኛ አገር ሙሽራ በወንዝ መኝታ ላይ ከተዳረች ምን እንደምትሆን እዚህ ይታወቃል?»

ማሰሚያው ይህን በዜና አንባቢው ድምፅ አስተላለፈ። ሴቶቹ የያዙትን ሥራ አቆሙ።

«ምን ትሆናለች?» አለች አንዷ አክስት።

እማማ ሲምቦ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መልሱን አላሰቡትም ነበር። ሽንኩርቱ ዐይናቸውን አስለቅሶት ስለነበር ግን እንባቸው ደረሰላቸው።

«ባሏ እንደ ወንዙ ይሆናል» አሉ። «ክረምት ክረምት ብቻ ነው ቤቱ የሚመጣው።»

በሌላ ድምፅ ተብሎ ቢሆን ምናልባት ይሳቅ ነበር። ከዚያች ማሰሚያ ሲወጣ ግን ከመንግሥት የተላለፈ ማስታወቂያ ይመስል ነበር። አንዷ አክስት ደረቷን መታች። ሌላዋ የራሷ ባል ለምን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሚመጣ አሁን ገና ገባኝ አለች፤ እሷም ቶጉ ላይ ነው የተዳረችው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መኪኖቹ ወንበሮቹን መልሰው እየጫኑ ጉብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ግቢ ይወጡ ነበር። ሹፌሮቹ ለምን ብለው ጠየቁ። ምክንያቱ ሲነገራቸው ፈጠን አሉ።

ሴቶቹ ሲበታተኑ ፎዚያ እማማ ሲምቦን ወደ ጓዳ ሳበቻቸው። በሩን ዘጋች።

«ኤዶ፣ እውነት ነው?»

«ውሸት ነው ልጄ። ሽንኩርት እየላጥሁ የፈጠርሁት ነው። በዚህ ዕድሜዬ... እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ፎዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሊዞር ምንም አልቀረው። «ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልተኛሁም እኮ። ያንን ግራር ላይ ያለውን ፌስታል እኔም አይቼዋለሁ። ግን አባቴ በተዳረበት ቦታ ልጄን አልድርም ማለት በእኔ አፍ አይነገርም። የእንግዳ ክፉ ምልኪ ሲሆን ግን ማን ይጋፋል?»

«ታዲያ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ቀደም ብዬ አልዋሽም ነበር?»

ነገሩ ለሙሴ ሲደርስ «ነባር የአየር ጠባይ ዕውቀት» በሚለው ክፍል አስገብቶ ወደ ድሬዳዋ ላከው። ድሬዳዋ በማግስቱ አመስግኖ ጻፈ፤ በወንዝ መኝታና በክረምት ባሎች መካከል ስላለው ዝምድና የአርባ ዓመት መረጃ እንዲላክም ጠየቀ።

የሰርጉ ቀን ሰማዩ እንደ መስታወት ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ አራት መቶው ሰው ገብቶ ነበር። ሐጂ ሮብሌን የያዘው ባቡር ዘጠኝ ሰዓት ይገባል፤ ጣቢያው ከቶጉ ማዶ ነው። እማማ ሲምቦ በአጥሩ ቆመው ወደ ምዕራብ ያያሉ። ተራሮቹ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቆለለው ደመና አሁን ተራሮቹን ውጧቸዋል። ሰዎች እያለፉ «ኤዶ፣ ምን ያያሉ? እንዲህ ያለ የጠራ ቀን!» ይሏቸዋል። አንዳንዶቹ ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ እያሉ ይጠብቃሉ። እማማ ሲምቦ ምርቃት አልነበራቸውም።

ስምንት ተኩል ሲሆን ነጩ መኪና እንደ ልማዱ ወደ ቶጉ ወረደ። ሙሴ ወጣ፤ ሸሚዙን አስተካከለ፤ መለኪያው ላይ ጎንበስ አለ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የረጠበ አፈር። ቀጥሎ ድንጋይ የጫነ መኪና ሲገለብጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ግን የማያቋርጥ። እማማ ሲምቦ አጥሩን ለቅቀው በዚያ ዕድሜያቸው ቁልቁል ሮጡ።

«ሙሴ! ውጣ!»

«አንድ ደቂቃ እማማ!» ብሎ ጮኸ፤ እጁን አውለበለበ። «ዜሮ ነጥብ ዜሮ ነው!»

«ሙሴ! በስምህ አትመካ! ውኃው አይከፈልልህም፤ ውጣ!»

ማሰሚያው ይህን በተረጋጋ ድምፅ ተረጎመው። ሙሴ ቀና አለ። ከመታጠፊያው ላይ ቡናማ ግድግዳ፣ ከፊቱ ግንድና ጎማ እየገፋ፣ ሲመጣ አየ። ቅጹን ወርውሮ ሮጠ። ዳገቱን በአራት እግሩ ወጣ፤ እማማ ሲምቦ ዱላቸውን ዘርግተው በአንገትጌው ጎተቱት። እስከ አንገቱ የተቆለፈው ሸሚዝ የመጀመሪያ ጥቅሙን ያን ቀን ሰጠ።

መለኪያው ቆሞ ነበር፤ ቀጥሎ አልነበረም። ነጩ መኪና ትንሽ ተነቃነቀ፤ ዞረ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ መብራቱን ብልጭ ብልጭ እያደረገ የራሱ ጉዳይ እንዳለበት ሰው ቁልቁል ሄደ። ከተማው በሙሉ አጥር ላይ ወጥቶ እልል አለ። አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ፣ ዝናብ ሳይጥል ጎርፍ ቢመጣ ሥራ ዝግ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ሙሴን ጠየቀው። ሙሴ ገልጦ ሊያይ እጁን ወደ ብብቱ ሰደደ። የሚያየው ቅጽ አልነበረውም።

እልልታው ቀስ በቀስ ተቋረጠ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ውኃው መካከል ያለችን አንዲት ቦታ ማየት ጀመሩ፤ ከሦስት ቀን በፊት ወንበሮቹ ተደርድረው የነበሩበትን። እዚያ አሁን አንድ የግራር ግንድ ራሱን እያሽከረከረ ያልፋል። ፎዚያ መጥታ ከእማማ ሲምቦ ጎን ቆመች። እጃቸውን ይዛ አጥብቃ ጨመቀች፤ ጣታቸውን አሳመመቻቸው፤ እሳቸውም እጃቸውን አልሳቡም።

ባቡሩ ዘጠኝ ሰዓት ገባ። ከማዶ ነጭ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ፣ የማር ገንቦ ታቅፈው፣ ወደ ዳሩ ወረዱ። ውኃውን አዩ። ገንቦውን አስቀመጡ። አጠገቡም ተቀመጡ፤ ተቀምጠውም ቀሩ። ሰው ከዚህ ማዶ እየጮኸ ቢጠራቸውም ቀና አላሉም። እማማ ሲምቦ ከሩቅ ሲያዩዋቸው፣ ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሰባ አራት ዓመት አውቀዋለሁ ያሉትን ሰው ገና አሁን እንደሚተዋወቁት ሆነው ነበር።

ደራሽ እንደ አመጣጡ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውኃው ወደ ቁርጭምጭሚት ወርዶ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ብቻ ቀረ፤ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያንሸራትት። ሐጂ ሮብሌ ገንቦውን ታቅፈው ተነሡና አንድ እግራቸውን አስገቡ። እግሩ እስከ ባት ገባ። ሲጎትቱ አልወጣም። ሌላውን አስገቡ። እንደ ተተከለ ምሰሶ ጭቃው ውስጥ ቆሙ። የልጅ ልጃቸው ሰርግ ጉብታው ላይ ይጠብቃል፤ ሙሽራዋም አያቴ ሳይመጣ አልነሣም ብላለች። ሁለት ጎረምሶች ሊያወጧቸው ገቡ። እነሱም ተተከሉ።

«ወይ ጉድ» አሉ እማማ ሲምቦ። አስተርጓሚውን ከጆሯቸው፣ ማሰሚያውን ከአንገታቸው አውልቀው ለፎዚያ ሰጡ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ አሰሩና ዱላቸውን ይዘው ገቡ። በጭቃው ላይ የሚሄዱት ወለል ላይ እንደሚሄዱ ሆነው ነበር፤ አርባ ዓመት የተጠላ ዕውቀት በከንቱ አልቀረም። አጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ ዝም ብሎ ያይ ጀመር። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ትምህርታቸው ሳይቋረጥ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሐጂ ሮብሌ ፊት ደረሱ። ሁለቱ አረጋውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ።

ሐጂ ሮብሌ ከጎሬ ገበያ የለቀሟት አማርኛ ነበረቻቸው። አሰቡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እርስዎ ልክ» አሉ። «እኔ ልክ አይደለም።» ቀጥለው ደግሞ «ጎመን፣ ይቅርታ» አሉ።

«እሱን በኋላ» አሉ እማማ ሲምቦ። «አሁን ተረከዝዎን አያስቀድሙ። ጣት። ጣትዎን። እንዲህ። ሲያወጡ ወደ ላይ አይጎትቱ፤ ወደ ጎን ያዙሩት። ጭቃ የሚታገለውን ሰው ይወዳል። እንደማይፈልጉት ይሁኑ።»

«ቀስ?»

«ቀስ።»

ሐጂ ሮብሌ እግራቸውን ወደ ጎን አዞሩት። ጭቃው ጭልቅ ብሎ ለቀቀው። ፊታቸው ላይ የታየው ደስታ ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ዓይነት ነበር። አንድ እርምጃ፤ ሁለት። እማማ ሲምቦ ክንዳቸውን ይዘው፣ ሐጂ ገንቦውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው፣ የሚባለውን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያሉ፣ ቶጉን ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባቸው ተሻገሩ። ከኋላቸው የተተከሉት ሁለት ጎረምሶች እግራቸውን ወደ ጎን እያዞሩ ሲከተሉ ታዩ። አጥሩ ላይ ያሉት ልጆችም በደረቅ መሬት ላይ ቆመው እግራቸውን ያዞሩ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፎዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ አቆመቻቸው። ከኋላዋ ነጭ ምንጣፍ እስከ ድንኳኑ ድረስ ተነጥፏል። ሁለቱ አረጋውያን ደግሞ እስከ ጉልበታቸው ቡናማ ናቸው።

«በዚህ እግር አትገቡም» አለች። «ቧንቧውን ጎርፉ ሰብሮታል። ያለን ውኃ አራት መቶ ሰው የሚጠጣው ብቻ ነው። ምን ላድርጋችሁ?»

ሐጂ ሮብሌ ልጃቸውን አዩ። ጀርባቸው ቀና አለ። ከባቡር ከወረዱ ጀምሮ የቀለለው ሰውነታቸው ተመልሶ ክብደት ያዘ።

«አንድ ኩባያ» አሉ።

«ለሁለታችሁ?»

«አንድ።»

ኩባያው መጣ። ሐጂ ሮብሌ መጀመሪያ አጥሩ ሥር ካለው ደረቅ አሸዋ ዘግነው እግራቸው ላይ አሹ፤ እማማ ሲምቦንም እንዲሁ እንዲያደርጉ በእጃቸው አሳዩ። አሸዋው ጭቃውን ጠጥቶ እንደ ቅርፊት ረገፈ። ከዚያ ኩባያውን በትንሹ አዘነበሉት። ውኃው እንደ ክር ቀጥኖ ወረደ። «ጣት» አሉ። እማማ ሲምቦ ጣታቸውን ከክሩ ሥር አስገቡ። «መሃል።» መሃሉን። «ማሸት።» አሹ። ከክሩ አንድ ጠብታ መሬት ላይ ስትወድቅ ሐጂ ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ፤ እማማ ሲምቦም እግራቸውን ፈጠን አድርገው አስጠጉ። አራቱ እግሮች ነጹ። ሐጂ ሮብሌ ኩባያውን ወደ ብርሃን አንሥተው ውስጡን አዩና ለእማማ ሲምቦ ሰጡ። ከሥሩ ሁለት ጉንጭ ውኃ ቀርቶ ነበር። እማማ ሲምቦ አንዱን ጠጥተው ኩባያውን መለሱ፤ ሐጂም ሌላውን ጠጡ።

ድንኳኑ ውስጥ ከበሮው ተመታ። ኢፍራህ ከነነጭ ልብሷ ብድግ ብላ «አዎ!» እንደሚል ሰው ፊቷን አበራች። ሁለቱ አረጋውያን ምንጣፉን ረግጠው ገቡ። ልክ በሩን ሲያልፉ የእማማ ሲምቦ ግንባር ላይ ካፊያ ነጠብ አለ። ቆም ብለው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። አፋቸው የተለመደውን «ሌባ» ሊል ተከፍቶ ነበር።

ዘጉት። የሰው ሰርግ ነው።